«ረታን ወይስ ተረታን?»፦ ወደ ወረዳ የሚመለስ መዝገብ

ከደብረ ማርቆስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግቢ የሚወጣ ባለጉዳይ ስልኩ ቶሎ ይጠራል። ደዋዩ ቤተሰብ ነው፤ እነማይ ወይም ማቻከል ወረዳ ቁጭ ብሎ ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብቅ የዋለ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ረታን ወይስ ተረታን?» መልሱ «ረታን» ከሆነ እልል ይባላል። «ተረታን» ከሆነም ሐዘኑ ይታወቃል፣ ስለ ይግባኙ መምከር ይጀመራል። ሦስተኛው መልስ ግን ለእልልታም ለሐዘንም አይመችም። «ተመልሷል» ይላል ባለጉዳዩ። «ምኑ?» «መዝገቡ። ወደ ወረዳ።» ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን የሚለው ይጠፋዋል።

በጎጃም ሙግት እንግዳ ነገር አይደለም። በርስት ዘመን ሰው የአባት የአያቱን ትውልድ ቆጥሮ፣ ከዳኛ ፊት ቆሞ ለአንዲት ጥማድ መሬት ዓመታት ይሟገት ነበር። ርስት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቢቀርም ሙግቱ መሬቱን ተከትሎ ቀጥሏል፤ ዛሬም የወረዳ ፍርድ ቤት ደጅ ከሚያጨናንቁት መካከል የይዞታ፣ የድንበር፣ የውርስና የባልና ሚስት ንብረት ክርክሮች ቀዳሚዎቹ ናቸው። ሕዝቡ የሙግትን ቋንቋ ያውቃል። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ዋስ፣ ምስክር፣ ይግባኝ የሚሉትን ቃላት ልጅ ሆኖ ሰምቶ አድጓል። «መመለስ» የሚለው ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። አንዱ ባለጉዳይ «ዳኞቹ መፍረድ ፈርተው ገፉት» ይላል። ሌላው «የታቹ ፍርድ ከተሻረማ ረትቻለሁ» ብሎ በሬውን ጠምዶ ማሳው ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የሁለተኛው ስህተት ደግሞ ደም እስከ ማፋሰስ ሊያደርስ ይችላል።

መሰላሉን ባጭሩ እንየው። የአማራ ክልል መደበኛ ፍርድ ቤቶች ሦስት እርከን አላቸው። ከታች የወረዳ ፍርድ ቤት አለ። ከእሱ በላይ በዞን ደረጃ የሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የምሥራቅ ጎጃሙ ደብረ ማርቆስ፣ የምዕራብ ጎጃሙ ፍኖተ ሰላም፣ የአዊው እንጅባራ ይገኛል። ከላይ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፤ በውስጡም ሰበር ችሎት አለው። ከዚያም በኋላ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል» የሚል ሰው ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ይሄዳል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚህ መካከል ሁለት ሥራ ይዟል። ከበድ ያሉ ጉዳዮችን ራሱ ከመጀመሪያው ይሰማል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረትም የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ሁለተኛው ሥራው ከወረዳ የሚመጣ ይግባኝ ነው። የያዝነው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የፍትሐ ብሔር ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት መጀመሪያ ይግባኝ ባዩን ብቻ ይሰማል፤ ቅሬታው የሚያከራክር ካልመሰለው መልስ ሰጭውን ሳይጠራ መዝገቡን ይዘጋል። የሚያከራክር ነጥብ ካየ «ያስቀርባል» ብሎ መልስ ሰጭውን ይጠራል። ሁለቱ ወገኖች ከተከራከሩ በኋላ የወረዳውን ፍርድ ማጽናት፣ ማሻሻል ወይም ሽሮ በራሱ ፍርድ መተካት ይችላል። በነዚህ ሁሉ ክርክሩ በዚያ ፍርድ ቤት ዘንድ ያልቃል። መመለስ ከእነዚህ ይለያል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት «ይህ ፍርድ እንዳለ ሊቆም አይችልም፤ እኔም በእጄ ባለው መዝገብ ልጨርሰው አልችልም» ሲል የሚሄድበት መንገድ ነው።

ሦስቱ አንቀጾች

የመመለስ ሥልጣን የሚመነጨው በ1958 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ዛሬም የምንሠራበት እሱ ነው። አንቀጾቹ 341፣ 342 እና 343 ናቸው። ሕጉ ብዙ ነገር የቀዳው በ1908 (እ.ኤ.አ.) ከወጣው የሕንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲሆን፣ በዚያኛውም ትእዛዝ 41 ሥር ደንብ 23፣ 24 እና 25 በዚሁ ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ቅደም ተከተሉን ያነሳሁት ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

አንድ ገበሬ በእነማይ ወረዳ «ጎረቤቴ ይዞታዬን ገፍቶ አረሰብኝ» ብሎ ከሰሰ እንበል። ተከሳሹ ስለ መሬቱ ገና ምንም ሳይናገር «ይህ ጉዳይ ቀድሞ በፍርድ ያለቀ ነው» የሚል የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያነሳል። እንዲህ ያሉ መቃወሚያዎች በአንቀጽ 244 ተዘርዝረዋል፤ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ጉዳዩ በፍርድ አልቋል፣ በይርጋ ታግዷል (የክስ ማቅረቢያ ጊዜው አልፏል)፣ በስምምነት ተቋጭቷል የሚሉት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ወረዳው መቃወሚያውን ተቀብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ምስክር አልተሰማም። ማሳው አልታየም። የይዞታ ደብተሩም አልተገለጠም። ገበሬው ደብረ ማርቆስ ወጥቶ ይግባኝ ይላል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የቀድሞውን ውሳኔ አስቀርቦ ሲመለከት የዚያኛው ክርክር ስለ ሌላ ማሳ ሆኖ ያገኘዋል። መቃወሚያው ወደቀ፤ መዝገቡን የዘጋው ፍርድም ተሻረ። ታዲያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በምን ላይ ይፍረድ? በመዝገቡ ውስጥ ስለ ድንበሩ አንዲት ቃል የለችም። ስለዚህ በአንቀጽ 341 መሠረት ይመልሰዋል፤ ወረዳው መዝገቡን በቀድሞው ቁጥር ከፍቶ ክርክሩን እንዲቀጥልና እንዲወስን። አዲስ ክስ አይደለም፤ የተቋረጠው ክስ ነው የሚቀጥለው። ደብረ ማርቆስ ያለው የይግባኝ መዝገብ ይዘጋል። ወረዳው በሚሰጠው አዲስ ፍርድ ቅር የተሰኘ ወገን ካለ እንደገና ይግባኝ ማለት ይኖርበታል።

አሁን ደግሞ ምሳሌውን እንለውጠው። ወረዳው መቃወሚያ አልተቀበለም፤ ሁለቱንም ወገን እስከ መጨረሻው ሰምቷል። የከሳሽ ምስክሮች ድንበሩ ዋርካው ነው አሉ፤ የተከሳሽ ምስክሮች የለም ጅረቱ ነው አሉ። ወረዳው የአንደኛው ወገን ምስክር ይበልጥ ያሳምናል ብሎ ፈረደ። ጉዳዩ በይግባኝ ሲታይ ዋናው ጥያቄ ጨርሶ አለመነሳቱ ታወቀ፦ ክርክር የተነሳበት ቁራሽ መሬት በየትኛው ሰው የይዞታ ደብተር ውስጥ ይገባል? እዚህ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአንቀጽ 343 መሠረት ጭብጡን፣ ማለትም መልስ የሚፈልገውን ዋና ጥያቄ፣ ራሱ ይመሠርትና ወደ ወረዳ ይልካል። ወረዳው የመሬት ባለሙያ ልኮ ያስለካል፣ አዋሳኞችን ይሰማል፤ ከዚያ ያገኘውን ማስረጃና የደረሰበትን ግኝት ወደ ላይ ይመልሳል። ወረዳው በዚህ ጊዜ ፍርድ አይሰጥም። የይግባኙ መዝገብ ደብረ ማርቆስ ክፍት ሆኖ ቀጠሮ ይዟል። ተከራካሪዎቹ በግኝቱ ላይ ተቃውሞ ካላቸው በሚወሰንላቸው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ ይህም በአንቀጽ 344 የተጻፈ መብታቸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚፈርደው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም «ተመለሰ» ይባላሉ። በ341 የተመለሰው ዳኛው ወረዳ ነው፤ በ343 የተመለሰው ዳኛው አሁንም ደብረ ማርቆስ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ባለጉዳይ በማይፈረድበት ቦታ ፍርድ ሲጠብቅ ይከርማል። አንዳንዱ ወረዳው ግኝቱን በላከ ማግስት «ተፈረደልኝ» ብሎ አፈጻጸም ለመክፈት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ በ341 የተመለሰለትን መዝገብ ደብረ ማርቆስ የሚያየው መስሎት የወረዳውን ቀጠሮ ያሳልፋል፤ መዝገቡም ባልቀረበ ሰው ላይ የሚደርሰው ይደርስበታል።

አንቀጽ 342 ከሁለቱ መካከል ቆሟል። በመዝገቡ ያለው ማስረጃ ለፍርድ የሚበቃ ከሆነ፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ፍርድ የተመሠረተበት ምክንያት ቢሳሳት እንኳ፣ ይግባኝ ሰሚው ጭብጡን አስተካክሎ ጉዳዩን እዚያው ይቋጨዋል። ወደ 345 እና 346 ከዘለቅን ደግሞ ሕጉ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ተጨማሪ ሰነድ አስቀርቦ ወይም ምስክር ጠርቶ ራሱ እንዲሰማ በር ይከፍትለታል፤ እርግጥ በርካሽ የሚከፈት በር አይደለም፤ የታችኛው ፍርድ ቤት መቀበል የነበረበትን ማስረጃ ሳይቀበል ሲቀር ወይም ፍርድ ለመስጠት አስፈላጊ ሲሆን ነው።

የአንቀጾቹን አቀማመጥ ደጋግሜ ሳነብ የሚታየኝ የሕጉ ዝንባሌ ነው። መዝገብን በሞላው መመለስ የተፈቀደው ወረዳው ዋናውን ነገር ሳይነካ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ለዘጋው ጉዳይ ነው። ዋናው ነገር ተነክቶ ከሆነ ይግባኝ ሰሚው ወይ ራሱ ይጨርሳል፣ ወይ የጎደለውን ነጥብ ብቻ ለይቶ ይልካል። ሕንዶች በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ ደንብ 23 ላይ «23ሀ» ብለን ልንጠራው የምንችለውን ጨምረው፣ በመቃወሚያ ላልተዘጋ ጉዳይም ሙሉ በሙሉ መመለስን ፈቀዱ። የእኛ ሕግ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ የለውም። ሆኖም በሥራ ላይ 341 ከተሰመረለት ወሰን ወጥቶ፣ ምስክር ተሰምቶ ፍርድ በተሰጠበት ጉዳይ ሁሉ የሚጠቀስበት ጊዜ አለ። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በመቃወሚያ የተዘጋ መዝገብ ሲመለስ የሚጀመር ክርክር አለው፤ ሙሉ ክርክር ተደርጎበት የተመለሰ መዝገብ ግን ተመልሶ የሚሄደው ወደ ሄደበት ነው።

«አጣርቶ ይወስን»

ችግሩ የሚከፋው ትእዛዙ ሲደበዝዝ ነው። «የሥር ፍርድ ቤት ነጥቡን አጣርቶ ተገቢውን ውሳኔ ይስጥ» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል። የትኛውን ነጥብ? በምን ማስረጃ? ማንን ጠርቶ? የወረዳው ዳኛ ወረቀቱን ይዞ ይቀመጣል። ምስክሮቹን ቀድሞ ሰምቷል፤ ሰነዱንም አይቷል። ሌላ ምን እንደተጠየቀ ካልተነገረው ያንኑ ምስክር ደግሞ ጠርቶ፣ ያንኑ ቃል መዝግቦ፣ ያንኑ ፍርድ በሌላ አጻጻፍ ይጽፋል። የተረታው ወገን ደግሞ ይግባኝ ይላል። መዝገቡ ዳግም ይመለሳል። ባለጉዳዮች ይህን «ምልልስ» ይሉታል፤ ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም።

ጥሩ ትእዛዝ ምን ይመስላል ብዬ ራሴን ስጠይቅ የሚመጣልኝ እንዲህ ያለ ነው፦ የወረዳው የመሬት ባለሙያ፣ ሁለቱ ተከራካሪዎችና በአራቱም አቅጣጫ ያሉ አዋሳኞች በተገኙበት ማሳው ይለካ፤ ልኬቱ በደብተሩና በይዞታ መዝገቡ ከሰፈረው ስፋት ጋር ይነጻጸር፤ የተረፈ ወይም የጎደለ ካለ ስንት እንደሆነና ወደ የትኛው ማሳ እንደገባ በንድፍ ተደግፎ ይቅረብ፤ ከዚህ በፊት የተሰሙት ምስክሮች እንደገና አይጠሩ። አራት መስመር ነው። የሚጽፈውን ዳኛ ግማሽ ሰዓት ይወስድበት ይሆናል፤ ባለጉዳዩን ግን አንድ ዓመት ያተርፍለታል።

በዳኞቹ በኩል ያለውንም መናገር ይገባል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚመልሰው ሁልጊዜ ሸክም ለመጣል ብሎ አይደለም። ማሳው ከችሎቱ ሩቅ ነው፤ የምስክሩን ፊት ያየው የወረዳው ዳኛ ነው። ደግሞም የፍሬ ነገሩ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ በይግባኝ ሰሚው ቢወሰን የተረታው ወገን አንድ የይግባኝ ደረጃ ይጎድልበታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙው ስህተትም የሚወለደው ታች ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 246 ጀምሮ ዳኛው ክርክሩን ሰምቶ ጭብጥ እንዲመሠርት ያዘዋል። ጭብጥ ማለት የማሳ የመጀመሪያ ፈር ነው፤ እሱ ከጠመመ ከጎኑ የሚወጣው ሁሉ ጠምሞ ይሄዳል። ወረዳ ላይ ጭብጡ «ከሳሽ ክሱን ያስረዳል ወይስ አያስረዳም?» ተብሎ ከተጻፈ ምስክር ስለምን እንደሚጠየቅ ማንም አያውቅም። ስለ ድንበር ይሁን፣ ስለ ስጦታ ይሁን፣ ስለ ኪራይ ውል ይሁን ሳይለይ ሁሉም ያለውን ይናገርና ያልፋል። ያ መዝገብ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ መመለሱ አይቀርም።

መመለስ የግድ የሚሆንበት ሁኔታም አለ፤ በጎጃም በተለይ አንዱ ጎልቶ ይታያል። በክልሉ የገጠር ይዞታ ማረጋገጫ፣ ሰው አረንጓዴ ደብተር በሚለው ላይ፣ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይመዘገባል። ክሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመሠረተው በባልየው ላይ ብቻ ነው። ሚስትየው ሳትጠራ ፍርድ ይሰጣል፤ ሊፈጸም ሲል ነው የምትሰማው። ከዚያ በአንቀጽ 358 የፍርድ መቃወሚያ ይዛ ትመጣለች፣ ወይም ነገሩ በይግባኝ ይታወቃል። ይዞታዋ የሚነካባት ሴት ሳትሰማ የተሰጠ ፍርድ ቢመለስ ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ እንዲያውም መመለስ አለበት። ሆኖም የወረዳው ዳኛ ክሱ በቀረበ ቀን ደብተሩን አስቀርቦ ሁለተኛውን ስም ቢያነብ ኖሮ ከመነሻው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከጊዜው ጋር የሚሄደው

በየምልልሱ ምን ይጠፋል? መጀመሪያ ምስክር። በጎጃም የብዙ ማሳ ታሪክ ወደ 1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ይደርሳል። ማን ስንት ጥማድ እንደደረሰው፣ ከማን ተቀንሶ ለማን እንደተሰጠ የሚያውቁት በድልድሉ የተሳተፉና በዚያን ጊዜ አዋቂ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ዛሬ ሰባ እየተጠጋው ነው። መዝገብ አንድ ጊዜ ተመልሶ ሁለት ዓመት ሲወስድ ከአምስት ምስክር አንዱ ወይ አርፏል፣ ወይ አልጋ ይዟል፣ ወይ ዘንግቷል። ሕጉ ይህን አስቀድሞ አይቶታል፤ በ341 በተመለሰ ጉዳይ በፊተኛው ክርክር የተመዘገበ ማስረጃ ካለ ከተመለሰ በኋላም ማስረጃ ሆኖ ይቀጥላል። ቃሉን ሰጥቶ ያለፈ ሽማግሌ ቃሉ አይሞትም ማለት ነው። ተከራካሪውም ይህን ለዳኛው ማሳሰብ አለበት፤ «እንደገና ምስክር አሰማ» ሲባል ያለጥያቄ መስማማት የለበትም።

ሁለተኛው የሚጠፋው ምርት ነው። «ፍርዱ ተሽሮ ተመልሷል» የሚለው ትእዛዝ ማሳውን እስከዚያ ማን ያርሰው የሚለውን ብዙ ጊዜ አይናገርም። የተሻረ ፍርድ አይፈጸምም፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን የተሻረው ፍርድ ቀድሞ ተፈጽሞ፣ ማሳው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ገብቶ ከሆነስ? ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም፤ እግድ ካልተጠየቀና ካልተሰጠ የወረዳው ፍርድ ይግባኙ እየታየም ሊፈጸም ይችላል። ስለዚህ ይግባኝ የሚል ሰው ከይግባኙ ጋር የእግድ ጥያቄ ማቅረቡን፣ መዝገቡ ሲመለስ ደግሞ ማሳው ላይ ያለው ነገር እንዴት እንደሚጠበቅ ትእዛዝ መጠየቁን መርሳት የለበትም። ፍርድ ቤቶች በክረምት መደበኛ ችሎት ሲዘጉ የጎጃም ገበሬ ጤፉን የሚዘራበት፣ አረም የሚያርምበት ወቅት ነው። በሐምሌ ያልተጠየቀ እግድ በኅዳር አጨዳ ላይ አይደርስም።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ቀጠሮ ሲያልፍ ቆይቷል። ድሮ መመለስ ማለት አንድ ተጨማሪ የአውቶቡስ ጉዞ ነበር። አሁን ለአንድ ገበሬ ደብረ ማርቆስ ደርሶ መመለስ ማሰብም መመካከርም የሚጠይቅ ነገር ሆኗል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ራሱ ሊጨርሰው የሚችለውን መዝገብ በመለሰ ቁጥር ሰውን እንደገና በዚያ መንገድ ይልከዋል። በአንቀጽ 342 የተሰጠው ሥልጣን እንዲህ ላለ ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። ሰነዱ በመዝገቡ ውስጥ ካለ፣ ምስክሩ ከተሰማ፣ የቀረው የሕግ ጥያቄ ብቻ ከሆነ፣ መመለሱ ለማንም አይረባም።

ወንጀልና ሰበር

በወንጀል ጉዳይ ያለው መመለስ ሌላ መልክ አለው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አሰምቶ ሲጨርስ ወረዳው በቂ አይደለም ብሎ ተከሳሹን መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ያሰናብታል እንበል። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት «ማስረጃው መከላከያ ያስጠይቃል» ካለ፣ ተከሳሹ መከላከያውን እንዲያሰማ ጉዳዩ ይመለሳል። ይህ ሰው ጥፋተኛ አልተባለም። መንደሩ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተፈረደበት ይቆጥረዋል፤ ይህም እጅግ ያሳዝናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ የመሰማት መብት እንዳለው ስለሚናገር፣ በወንጀል የተመለሰ መዝገብ ከሁሉም ቀድሞ መታየት ይገባዋል።

ሰበር ችሎት የሚመልሰው ከሥራው ጠባይ የተነሳ ነው። ሰበር የሚያርመው የሕግ ስህተትን ነው፤ ማሳ አይለካም፣ ምስክር አይሰማም። የሕጉን ትርጉም ካስቀመጠ በኋላ ያልተጣራ ፍሬ ነገር ከቀረ ወደ ታች ከመላክ ሌላ መንገድ የለውም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ ደንግጓል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ስለዚህ ከሰበር የተመለሰ መዝገብ ላይ የወረዳው ዳኛ በትርጉሙ ላይ መከራከር አይችልም፤ የሚቀረው ትርጉሙን በፍሬ ነገሩ ላይ ማዋል ነው።

ባለጉዳይ ምን ያድርግ?

ከሁሉ በፊት የትእዛዙን ግልባጭ ያውጣ። «ተመልሷል» ብሎ የነገረው ጠበቃም ይሁን ማመልከቻ ጻፊ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት አለበት፦ 341 ነው ወይስ 343? የይግባኙ መዝገብ ተዘግቷል ወይስ ቀጠሮ ተይዞለታል? ወረዳው እንዲያጣራ የታዘዘው ምንድን ነው? ምንም ካልተባለና ትእዛዙ የማይገባ ከሆነ፣ እዚያው በትኩሱ ማብራሪያ መጠየቅ ዓመት ካለፈ በኋላ ከመጮህ ይሻላል።

ከዚያ መዝገቡ ወረዳ መድረሱን ይከታተል። ግልባጩን ከላይ ይልካሉ ብሎ ቤቱ መቀመጥ ስንት ሰው ጎድቷል። ወረዳው መዝገቡን በቀድሞው ቁጥር ማንቀሳቀስ አለበት፤ «አዲስ ክስ አቅርብ፣ አዲስ የዳኝነት ገንዘብ ክፈል» ከተባለ ይህ የ341 መንፈስ አይደለም፤ በትሕትና ግን በጥብቅ መቃወም ይቻላል። ወረዳው ከታዘዘው ነጥብ ወጥቶ ቀድሞ የተቋጨውን እንደገና ሊከፍት ከፈለገም እንዲሁ።

«ያው ዳኛ ነው እንዴ እንደገና የሚያየው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ሕጉ ጉዳዩ ለፍርድ ቤቱ ተመለሰ ይላል እንጂ ለሌላ ዳኛ ይሰጥ አይልም። ዳኞቹ ጥቂት በሆኑበት ወረዳ ያው ዳኛ ሊያየው ይችላል። አንድ ፍርድ ስለተሻረበት ብቻ ዳኛው ጠላት ሆነ ማለት አይደለም፤ የተለየ ምክንያት ያለው ሰው ግን ዳኛው እንዲነሳ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ወረዳው የታዘዘውን በአግባቡ አጣርቶ፣ ከፊተኛው ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ላይ ቢደርስም ሕግ ጥሷል አይባልም። የተመለሰለት ሰው ይህን ከልቡ ሊያውቀው ይገባል፤ በመመለሱ ብቻ የረታ ማንም የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የተመለሰ መዝገብ ለእርቅ የሚመች ነው። የፊተኛው ፍርድ ወድቋል፤ አዲሱ ገና አልተሰጠም፤ ሁለቱም ወገን ሊረታም ሊረታበትም እንደሚችል ያውቃል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ ተስማምተው ስምምነታቸውን በፍርድ ቤት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል። ሽማግሌ መሃል ገብቶ ድንበሩን በልኬት ያሳየበት፣ ሁለቱም በፊርማቸው ያጸደቁትና በፍርድ ቤት የተመዘገበ ስምምነት እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በቃል ብቻ የታረቀ ሰው ግን ሽማግሌዎቹ ሲያርፉ እርቁም አብሮ ያርፍበታል። እርቁን ለዳኛው ማስመዝገብ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ልኬት የታዘዘበት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮው አጨዳው ከተነሳ በኋላ፣ ማሳው ባዶ ሳለ እንዲሆን መጠየቅ ያዋጣል። ሰብል በቆመበት ማሳ ገመድ መዘርጋት አዝመራውንም ልኬቱንም ያበላሻል፤ ባለሙያውም «አልተመቸኝም» ብሎ ሲመለስ ሌላ ሦስት ወር ያልፋል። አዋሳኞቹም ቀድመው ሊነገራቸው ይገባል፤ ከአራቱ አንዱ ሲቀር ልኬቱ ክርክር ያስነሳል።

እንዲህ ከሆነ ያ ከደብረ ማርቆስ የወጣ ሰው ስልኩ ሲጠራ የሚመልሰው ነገር ይኖረዋል። «ተመልሷል። የወረዳው ፍርድ ገና አልተሻረም፣ አልጸናም፤ እኛም ገና አልረታንም። ማሳው ይለካ ተብሏል። ልኬቱን ወረዳው ይልካል፣ የሚፈርደው ግን ማርቆስ ነው፤ ቀጠሮው መጋቢት ላይ ነው። እስከዚያ ማንም ማሳው ውስጥ እንዳይገባ። ለአዋሳኞቹ ዛሬውኑ ንገሯቸው፤ ደብተሩንም ከሣጥኑ አውጥታችሁ የእናታችን ስም በትክክል መጻፉን እዩልኝ።»